አረንጓዴዋ ቁልፍ

አስካለ ብርቱካኗን በመደብ በመደብ እየደረደረች ሳለ፣ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ መርሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆመና የገዛ ለቅሶዋን በመስኮት ለቀቀባት። ቀልድ አይደለም፣ ቃል በቃል የሷ ነው። ክራር ገብቶበታል፣ ከበሮ ተጨምሮበታል፣ ድምፁ የሚያምር ጎረምሳ አምባሰሉን እያስረዘመ ይወርድበታል እንጂ፣ ግጥሙ እሷ ባለፈው ጥቅምት ደሴ ላይ፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት ትምህርት ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተደብቃ ያንጎራጎረችው ነው። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብሎ ይሁን ለራሱ ተመችቶት፣ እጁን በመስኮት አስገብቶ ድምፁን ከፍ አደረገው።

በካኪ ሸሚዝህ ቁልፏ አረንጓዴ፣
በሷ ለዩህ አሉ አልችል አለ ሆዴ።
የሰፋችው እጇ አልሰማች ወሬህን፣
ዛሬም ትሰፋለች የበዓል ልብስህን።

አንድ ብርቱካን ከእጇ ወድቆ አስፋልቱን አቋርጦ ሄደ። ተከትላ አላነሳችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፏ የተሰፋችለት ልጅ አበባው ይባላል፣ የአስካለ ታላቅ እህት የሙሉወርቅ አንድያ ልጅ። ሐምሌ ላይ ከሚሊሻው ጋር ሲዘምት የካኪ ሸሚዙ የደረት ቁልፍ ተበጥሶ ነበርና፣ እናቱ የሚመሳሰል ብታጣ ከገዛ አረንጓዴ ሹራቧ አንዷን ነቅላ ሰፋችለት። ሹራቡ እስከ ዛሬ ያችን ቦታ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነው የሚውለው። ለምን ሌላ አታደርጊበትም ሲሏት፣ እሱ ሲመጣ ይመልስልኛል ትላለች። አይመልስላትም። መስከረም ሲያልቅ አብሮት የዘመተው ታደሰ ደሴ ድረስ መጥቶ አስካለን ለብቻዋ ጠራትና፣ ፊቱ አይለይም ነበር፣ በቁልፏ ነው የለየነው፣ ቀብረነዋል አላት። ለእናቱ ግን ማን ይንገራት? ያን ሰሞን ደም ብዛቷ ተነስቶ ሁለቴ ወድቃለች። ሽማግሌዎቹ መርዶ በስደት ቤት አይሆንም፣ አገሯ ትግባና በቤቷ፣ በእድሯ መሃል ትረዳ አሉ። ታኅሣሥ ላይ አገር ቤት ሲገባ ደግሞ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ተዘርፎ ተገኘ። ያለ ድንኳን ሰው የት ይቀመጣል ተባለ። ድንኳኑ ከውርጌሳ እድር በውሰት እስኪመጣ፣ ወንድማቸው ከከሚሴ እስኪደርስ ሲባል የካቲት ገባ። አሁን ለእሑድ ንጋት ተቆርጧል፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ሰፈሩ ሙሉ ያውቃል። ክርስቲያኑም እስላሙም በሷ ፊት እየሳቀ፣ ዞር ሲል እያለቀሰ፣ አምስት ወር ይህን ምስጢር ተሸክሞ ኖሯል። እሷ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ለልጇ ልብስ ትሰፋለች። ለገና አንድ ሰፋች፣ አሁን የፋሲካውን ይዛለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ፣ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ይለፍፈው?

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘሀራ፣ የሙሉወርቅ የአጥር ጎረቤት፣ ሚዛኗን አስቀመጠች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀችና በዝግታ፣ «አስካለ፣ ይች ቁልፍ የምን ቁልፍ ናት?» አለች።

«እኔ እንጃ።»

«የሙሉወርቅ ናት እኮ። የሹራቧ።»

አስካለ ብርቱካኑን በጆንያ መልሳ ዘሀራ ፊት ጎተተችው። ሽንኩርቱም ብርቱካኑም ለዛሬ ይቅር፣ ሂጂና ከሙሉወርቅ ጋር ዋይልኝ አለቻት። አስፋልት ዳር እንዳትወጣ፣ ሳሙና አለቀ ብትል አንቺ ግዥላት፣ ወፍጮ ልሂድ ብትል አንቺ ሂጂላት። ዘሀራ የት ልትሄጂ ነው ብላ አልጠየቀችም፣ ሽንኩርቷን መሸፈን ጀመረች። ደግነቱ መርሳ ገና መብራት አልመጣም፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከነመደርደሪያው ተወስዷል። አስካለ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማውን አመሰገነች።

ዘፋኙ ማን እንደሆነ መጠርጠር አላስፈለጋትም። ያን ለቅሶ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ መልካሙ፣ የሟች ባሏ የወንድም ልጅ፣ ወልድያ በሰርግ ቤት ኪቦርድ እየመታ የሚኖረው። እሱም ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሰፍሮ ነበር። ልብስ ሊያጥብ መጥቶ ብቻዋን ስታለቅስ አገኛት፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ፣ አበባው አብሮ አደጉ ነበርና። ከዚያ እንባውን ጠርጎ፣ እስቲ ይድገሙልኝ አላት። እሷም ደገመችለት። መድገሙ ቀለል አድርጎላት ነበርና ሦስቴም አራቴም ደገመችለት። አሁን ያቺ «እስቲ ይድገሙልኝ» ትዝ አለቻት። ለማልቀስ ነው ወይስ ለማጥናት?

ያው ሚኒባስ ላይ ወጣች። ከመርሳ ወልድያ ድሮ በሃያ ብር ይኬድ ነበር፣ ዛሬ ነዳጅ የለም ተብሎ ስልሳ ሆኗል፣ ያም በትርፍ ተጭኖ፣ አንዱ ባንዱ ጭን ላይ ተቀምጦ። ሲሪንቃን እስኪያልፉ ዘፈኑ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር፣ «አንዴ ድገመው እስቲ፣ የኔ ልጅ» ሲሉ ሾፌሩ ደስ ብሎት ይደግመዋል። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ እናቱ የሰፋችለት እኮ ነው፣ ስንቱን ሰፍተን ስንቱን ሸኘን ይላሉ። አስካለ ዞር ብላ አየቻቸው። የሰው እናት በሷ ግጥም ትጽናናለች። ይህንስ እንዴት ይከለክሉታል? ሾፌሩ በበኩሉ፣ እንዲህ ያለ ግጥም ሰው ተቀምጦ አያወጣውም፣ ለዘፋኞች ከላይ የተሰጠ ነገር አለ አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬም ተሰጥኦ ነው ብሎ ደገፈው። የኔ ነው የሚለው ቃል የአስካለ ጥርስ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የኔ ነው ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ሞቶብሽ ነው የሚል ነው፣ ከመኪናው ሰው ግማሹ ደግሞ የመርሳ ሰው ነው። ሲመሽ ወሬው ከሷ ቀድሞ ሙሉወርቅ ደጅ ይደርሳል። ልጁ የተማመነው በዚህ ነው፣ አለች በሆዷ። ባለቤቱ ጮኾ የማይጠይቀውን ነገር ነው የወሰደው።

ወልድያ ግማሽ ሱቁ ተከፍቷል፣ ግማሹ በሩ በቆርቆሮ ተለጥፎ ተዘግቷል። ጄኔሬተሩ ከየበረንዳው ያጓራል። ሙስዐብ የሚባል ባለባጃጅ የመልካሙን ስም ስትጠራለት ከየት መጡ እንኳ ሳይላት አስነሳ፣ ቤቱን ሰው ሁሉ አውቆታል። እሱም ጋ ያው ዘፈን አለ። ይዝጉልኝ አይባል ነገር፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ተቀመጠች። ሙስዐብ በመስታወቱ አይቷት፣ «ሐዘን አለብዎት መሰለኝ እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት» አለና ራሱ ዘጋው። ሒሳቡን ከፍላ ወረደች።

የመልካሙ ክፍል ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ጓሮ ናት። በሩ ተገንጥሎ በሽቦ ተይዟል። ውስጡ ሲሚንቶው ላይ የተጣለ ፍራሽ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ክራር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ድሮ ኪቦርዱ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ሳይጠቁር ቀርቶ ይታያል። ከስቷል ልጁ፣ አንገቱ ቀጥኗል። ሲያያት ብድግ አለና ያለችውን አንዲት በርጩማ በእጁ ጠራርጎ አቀረበላት።

«ምነው እትዬ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም አይደለም።»

አልተቀመጠችም። እሱም ክራሩን አየ፣ ከዚያ የእግሩን ጣቶች። ምን ልትለው እንደመጣች ሳትነግረው ነው መልስ የጀመረው። ስሙን አውጥቻለሁ፣ አበባው የሚል የለበትም፣ መርሳም አይልም፣ ማን ያውቀዋል አለ። «እናቱ» አለች አስካለ። መርሳ መብራት የለም፣ እሷ ጆሮ ሳይደርስ መርዶዋ ያልቃል ብሎ እንዳሰበ፣ እሑድ መሆኑንም ከአባቱ እንደሰማ፣ ዘፈኑን ለሰው የሰጠው ግን እሑድን ሳይጠብቅ ባለፈው ሳምንት መሆኑን እየተንተባተበ ነገራት። ሰማችው። ልጁ ግን ከመማጠን ወደ መከራከር ዞረ።

«ደግሞ ዜማውን እኔ ነኝ የለፋሁበት። አምባሰል እንደሆነ የማንም ነው፣ አንድ ሰው የኔ አይለውም። አንቱስ ከማን ወሰዱት? ከላይ ጀምረው፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ይዘው የሚወርዱት አወራረድ የውርጌሳዋ የእማማ ብዙነሽ አይደለም? አባትዎ የሞቱ ጊዜ እኔም ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም። እማማ ብዙነሽ በሕይወት ሳሉ በመላው ሀብሩ ለቅሶ የሚያወርዱ ሴት ነበሩ፣ እሳቸው ካልመጡ ሐዘኑ ሐዘን የማይመስል። አስካለ ልጅ ሆና ከኋላቸው እየተከተለች ነው አወራረዱን የለመደችው፣ ፈቃድ የጠየቃቸውም የለ። እሳቸውስ ከማን ለምደውት ይሆን? ከመርሳ ድረስ ሌባ ልትል መጥታ፣ ራሷ ጓዳ የተገኘ የሰው ዕቃ አሳያት። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እንዲህም አለችው፦

«እማማ ብዙነሽ ለሞተ ሰው ሰጡት። እኔም ከሳቸው ወስጄ ለሞተ ሰው ሰጠሁት። አንተ ከሞተው ላይ ነው የወሰድከው።»

መልካሙ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ያዘ። «ኪቦርዴን ወሰዱት» አለ ከመዳፉ ውስጥ። ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ማን ዘፋኝ ይጠራል። አራት ወር ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸው ይኸው ግጥም ብቻ ነው አለ። የራሱን ሊያወጣ ሞክሯል፣ በእግዜር ስም፣ አንድ ደብተር ጨርሷል። የሚጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያች ቁልፍ ላይ ይመጣል። አበባው ወንድሜ ነበር፣ እኔስ አላለቅስም ወይ አለ። አስካለ አመነችው። ክፋቱ ይሄ ነው፣ ልጁ አይዋሽም፣ ያለቀሰውም የሰረቀውም እውነት ነው። «ከፈለጉ ግጥም በአስካለ እላለሁ፣ በስምዎ ይሁን» ሲላት ሳትወድ ሳቀች። በሷ ስም ከሆነማ አለቀ፣ ሙሉወርቅ ነገሩን ለመረዳት ዘፈኑን መስማት እንኳ አያስፈልጋትም።

«ቁልፏን አውጣልኝ» አለችው። «ሌላው ይሁንልህ፣ ቁልፏን ብቻ።»

ክራሩን ከምስማሩ አወረደው። አስተካክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቁልፏን ቦታ በሌላ ቃል እየሞላ ሞከረ። ሁለቴ አበላሸና በሦስተኛው እንዲህ አለ፦

የካኪ ሸሚዝህ ያማረ የኮራ፣
ለዩህ አሉ ጓዶች በዚያ በተራራ።

«ኧረ ሞተ» አለች አስካለ፣ አፏን ሳትይዘው። ሞተ አለች እንጂ ጥሩ ነው፣ ይሁን፣ እሱን ዝፈን ማለት ነበረባት፣ የመጣችው ለዚሁ አይደል? መልካሙም ክራሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ቀና ብሎ አያት፣ ሁለቱም ያውቁታል። ቁልፏ ስትወጣ የሚቀረው ማንም ለማንም የሚለው ነገር ነው። ያን ጊዜ በአስካለ ሆድ ውስጥ አንድ ደስታ ብልጭ አለ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያስለቀሰው የሷ ቃል ነው፣ የሷ ብቻ፣ ይህ የተማረ ዘፋኝ በክራሩ ሊተካው አልቻለም። ወዲያው ደግሞ አፈረች፣ በእህቷ ልጅ ሬሳ ላይ ቆማ መኩራቷ ነውና። ተነስታ፣ አጥፋው፣ እስከ እሑድ ሁሉም ዘንድ ይጥፋ፣ ከሰኞ ወዲያ እንደፈለግህ አለችው። እሱም ተከትሏት ወጣ።

መልካሙ ዘፈኑን የሰጠው ሙዚቃ ቤት በረንዳ ላይ፣ በላይ የሚባለው ባለቤት ከጄኔሬተሩ ጋር ይታገላል፣ ወረፋ የያዙ ሰዎች ፍላሻቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። መልካሙ ጆሮው ላይ አጎንብሶ ነገረው። በላይ ደግ ሰው ነው፣ ሲሰማ ደነገጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ያችኑ ሰዓት ዘፈኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋው፣ አስካለም በዓይኗ አየች። ከዚያ እንደ በደለኛ ቆሞ ያለውን ነገራት፦ «እኔ ከዚህ አጠፋሁት እናቴ። ግን የደሴው ሾፌር ይዞታል፣ የቆቦው ይዞታል። ትላንት ብቻ የመርሳ ባጃጆች አሥር ይሆናሉ፣ ጭነው ሄደዋል። እነሱ ደግሞ ለሌላ ሰጥተዋል።» ወረፋ ከያዙት አንዱ፣ እኔም ስልኬ ላይ አለ፣ ይጥፋ ካላችሁ አጠፋዋለሁ አለና አጠፋው። የአንድ ሰው ስልክ ነው። አስካለ እግዜር ይስጥልኝ አለችው።

መልካሙ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። ሲለያዩ እጇን ሊስም ጎንበስ ቢል ሰጠችው፣ አልሰጠህም ብትል ምን ይለወጣል። መመለሻው መኪና ሙዚቃ አልነበረውም፣ ቴፑ ተነቅሎ ሽቦው ተንጠልጥሏል። ይህ ግን አላረጋጋትም። ኬላው ላይ ሁሉም ወርዶ መታወቂያ ሲያሳይ፣ ተመልሶ ሲሳፈር፣ ከፊቷ ያለውን ሁለት ቀን ትከፋፍለው ጀመረች። ዛሬን ዘሀራ ያዘችልኝ። ነገ አሞኛል ብዬ እተኛለሁ፣ ሙሉወርቅ ስታስታምመኝ ትውላለች፣ ከደጅ አትወጣም። ቅዳሜ ማታ ወንድማችን ይገባል። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ፣ ድንኳኑ፣ ሰዉ። አንድ ቀን ተኩል ናት እኮ የቀረችው። አምስት ወር ይዘነው አንድ ቀን ተኩል ያቅተን?

ዘሀራ ከመንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ገና ከሩቅ ስታያት አስካለ አወቀች።

«አውፍ በይኝ፣ አስካለ። ዙሁር ልሰግድ ቤቴ ገባሁ፣ ከዚያች በላይ አልዘገየሁም ወላሂ። አንዱ ባጃጅ ደጃችን ላይ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። ሲቀይር ከፍቶታል።»

«ሰማችው?»

«አጥሩን ተደግፋ። አላለቀሰችም። ገብታ በሩን ዘጋች፣ ባንኳኳ አልከፍትልሽ አለችኝ።»

ለአስካለ ግን ተከፈተላት። ክፍሉ የድሮው አልነበረም፣ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ተወስዶ ከተመለሱ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ሰሌን ላይ ነው የሚተኙት። ሙሉወርቅ ከመስኮቱ ስር፣ ብርሃኑ ካለበት፣ አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣ ነጭ ሸሚዝ ትሰፋለች። የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ጨርቅ አጥባ፣ አንጥታ፣ ቆርጣ ነው። ኮሌታው አልቋል፣ የቀረው እጅጌው ነው። ቀና አላለችም። አስካለ ጫማዋን አውልቃ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። አምስት ወር አንደኛዋ እንዳትጠይቅ፣ ሌላዋ እንዳትጠየቅ ስለ በርበሬና ስለ ውሃ ወረፋ ሲያወሩ ኖረዋል።

«ወልድያ ነበርሽ» አለች ሙሉወርቅ።

«አዎ።»

«መልካሙ ዘንድ።»

«አዎ።»

«እኔም ልሄድበት ነበር፣ እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ። ድምፁን አጣዋለሁ? አጥር ለአጥር ያደገ ልጅ። በቁም ልጄ ላይ አሟረተብኝ።» መርፌዋ አልቆመም፣ ድምጿም አልጨመረም። ሐምሌ ላይ ቁልፏን ስትሰፋ መልካሙ እዚሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንደነበር አነሳች። አይቷል አለች። ያየውን ይዞ ሄደና፣ ሰው እንዲያለቅስለት ብሎ ልጇን በዘፈን ገደለው። ሌባ ነው፣ እሑድ ለሽማግሌዎቹ እነግረዋለሁ፣ አንቺም ትመሰክሪያለሽ አለች። አስካለ ቀና አለች። እነሆ በሩ ተከፈተላት። ሌባ ነው ማለት ብቻ ነው፣ እሱም ደግሞ ውሸት አይደለም። ሙሉ ቀን ስትለው የዋለችው ነው። አዎ እትዬ፣ ሌባ ነው ብትል እሑድ በሰላም ይደረሳል።

ግን ሙሉወርቅ አልጨረሰችም። እጇ ቀስ አለ። «እናቱ አልሰማችም ይላል ደግሞ። ዛሬም ትሰፋለች ይላል። እኔ መስፋቴን ለማን ነግሬ አውቃለሁ?» አለች፣ ለአስካለ ሳይሆን ለሸሚዙ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሳች። «ዘፋኝ ያልሆነውን ሆነ ይላል አይደል? ከራሱ ነው የሚያወጣው። እውነት ቢሆንማ የሚያውቅ ሰው ይነግረኝ ነበር። አንቺ ትነግሪኝ ነበር። ከራሱ ያወጣው ነው በይኝና ልረፍ።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ከጠዋት ጀምራ ግጥሙ የሱ አይደለም ስትል የዋለች ሴት፣ አሁን አንድ ጊዜ የሱ ነው ብትል እህቷ እስከ እሑድ ልጅ ይኖራታል። አስካለ ልትለው አፏን ከፈተች። ወደደችም፣ በሙሉ ልቧ ነበር ልትለው የተነሳችው።

«አበባው ይሙት በይ» አለች ሙሉወርቅ።

በዚህ ቤት የማይታጠፍ መሐላ ይህ ነበር፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ። ስኳር ጎደለ፣ ዶሮ ጠፋ፣ አበባው ይሙት ከተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው። በእሱ የሚማለው በሕይወት ስላለ ነው። አስካለ አ ብላ ጀመረችና ተወችው። ሌላ ውሸት ሁሉ ዋሽታለች። አርባውን ደብቃ ስታወጣ ለማን ነው ስትባል፣ ለባሌ ነው ብላ ቄሱ ፊት ዋሽታለች። ይህ ግን ሬሳውን ደግሞ መግደል መሰላት።

«አልልም» አለች።

ሙሉወርቅ ጠበቀች።

«መልካሙ አላወጣውም እትዬ። ግጥሙ የኔ ነው።»

መርፌዋ አንዴ ወጋ፣ ሁለቴ ወጋ፣ ከዚያ ሙሉወርቅ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሸሚዙን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። እጇ ወደ ደረቷ፣ ሹራቡ በመርፌ ቁልፍ ወደተያዘበት ሄዶ እዚያው ቀረ። መቼ ነው ያወጣሽው አለች። ጥቅምት ላይ፣ ደሴ አለች አስካለ። የገናውን ልብስ ስሰፋ ታውቂ ነበር አለች። አውቅ ነበር። ሰፈሩስ? ያውቃል። ዘሀራስ? እሷም። ሙሉወርቅ ራሷን ነቀነቀች፣ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን እንደያዘላት ሰው። አስካለ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል በእጇ ከለከለቻት።

«በክራር አልፈልገውም» አለች። «ከአፍሽ ልስማው።»

አስካለ ነጠላዋን አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ከላይ ጀመረች፣ እንደ እማማ ብዙነሽ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ይዛ ወረደች። ቁልፏን አለች። በሷ ለዩህ አሉ አለች። ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ግን፣ የሰፋችው እጇ ብላ ቆመች። አልሰማች የሚለውን ከእንግዲህ ማለት አይቻልም። ውጭ አጥሩ ጋ የቆመችው ዘሀራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ጊዜ ሙሉወርቅ፣ አንድም ቀን ለቅሶ አውርዳ የማታውቀው ሴት፣ ከእህቷ አፍ ተቀበለችው፦

የሰፋችው እጄ ሰማችው መርዶህን፣
ምን ላርገው እንግዲህ የበዓል ልብስህን።

አስካለ አነሳችላት፣ እሷም መልሳ አለችው። ከየአጥሩ ሰው እየሮጠ ይመጣ ጀመር። ድንኳኑ ገና ውርጌሳ ነበርና ሁሉም ፀሐዩ ላይ ቆመ።